እንዳይቀዳበት

«እና እሷን ከቁም ሣጥኑ ጋር ልናስረክባቸው ነው እንዴ?» ሲል ሰማሁት።

ድምፁ የመጣው በሳሎኑ መስኮት ነው። እኔ መስኮቱ ሥር ቁጭ ብዬ የራሱን ነጭ ሸሚዝ አንገትጌ እየፈተግኩ ነበር፤ እጄ አረፋው ውስጥ እንዳለ ቀረ። ተናጋሪው ኢንጂነሩ ነው። ሰፈሩ ሁሉ ኢንጂነሩ ይለዋል፤ እኔም ከተመረቀ ወዲህ እንደ ሰው እለዋለሁ እንጂ፣ በአሥራ ሦስት ዓመቴ እዚህ ቤት ለሥራ ስገባ እሱ የሁለት ዓመት ሕፃን ነበር። ንፍጡን ጠርጌ፣ ጀርባዬ ላይ አዝዬ ነው ያሳደግኩት። ሚስቱ ቀበል አደረገችና «ገዢው ባዶ ግቢ ነው የምረከበው ብሏል። ነገ አራት ሰዓት ፊርማ ነው። ዛሬ ካልተነገራት መቼ ሊነገራት ነው?» አለች። ሦስተኛ ሰው እንዳለ አውቄያለሁ። ሚጣ፣ ታናሽ እህቱ፣ ስትጨነቅ ማንኪያዋን ሻይዋ ውስጥ ዝም ብላ ታሽከረክራለች፤ ብርጭቆው ሲንቃጨል ይሰማኛል።

«አባባ ግን ስለ ክፍሏ የሆነ ነገር ብሎ አልነበር?» አለች ሚጣ ቀስ ብላ።

«አንቺ ያኔ የሰባት ዓመት ልጅ ነሽ። ምን ታስታውሻለሽ?»

«እኔማ አላስታውስም። እታለም ስትል ነው የሰማሁት።»

«እሷማ ትላለች! ስንት ዓመት ሙሉ ካሴት፣ ካሴት። አለ የምትለው ነገር ካለ አምጥታ ታሳየና!»

እታለም የሚሉት እኔን ነው። ስሜን አፉን ሲፈታ መጥራት ቢያቅተው ኢንጂነሩ ራሱ ነው ያወጣልኝ፤ በዚያው ቀረ። ደሜ ፈላ። ጓሮው ውስጥ መኖሬን እያወቀ መስኮቱን እንኳ ሳይዘጋ! እጄን ቀሚሴ ላይ ጠረግኩና ገባሁ። ሦስቱም ቀና አሉ። «አመጣዋለሁ» አልኩት። «ካሴቱ አለ፤ እኔ ጋ ነው። አባትህ በአንደበታቸው ሲናገሩ ከሰማህስ?» ሚስቱ ግድግዳ ግድግዳውን አየች። እሱ ጉሮሮውን ጠራርጎ «በጆሮዬ ከሰማሁ አልፈርምም» አለ። «እሱ ይበቃኛል» ብዬ ወጣሁ። ሸሚዙን ሳፋው ውስጥ እንደተነከረ ተውኩት። የነገ ፊርማ ሸሚዝ መሆኑን ያወቅኩት ያኔ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኢንጂነሩ የተመረቀ ቀን፣ የዛሬ ሃያ አራት ዓመት፣ ጋሼ ብርጭቆአቸውን ይዘው ከወንበራቸው ተነሡ። የቤቱ አባወራ፣ የእነዚህ ልጆች አባት ናቸው። እንግዳው ሁሉ ጸጥ አለ። እኔ የብርጭቆ ትሪ ይዤ በሩ ላይ ቆሜያለሁ። ልጃቸውን አመሰገኑ፣ አስተማሪዎቹን አመሰገኑ፣ ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ይህቺ ልጅ ባትኖር ዛሬ የለም። እሷም ልጄ ናት። የጓሮዋ ክፍል የእሷ ናት። እኔ ኖርኩም አልኖርኩም፣ ልጆቼ ይህን ቤት የሚሸጡበት ቀን ቢመጣ፣ መጀመሪያ ለእሷ የምትሆን ክፍል ሳይገዙ እንዳይሸጡ። ወረቀት አልጽፍም፤ ይኸው፣ ካሜራው ይስማኝ» አሉ። ቃል በቃል ይዤዋለሁ። ሌላ ሰው ስንት ነገር ያስታውሳል፤ ለእኔ በሕይወቴ ሰው ቆሞ የተናገረልኝ ያን ቀን ብቻ ነው፣ እንዴት ብዬ ልርሳው? ካሜራውን የያዙት የጋሼ ወንድም ነበሩ፤ ካሜራውንም የቪዲዮ ካሴት ማጫወቻ ዴኩንም ከውጭ አገር ያመጡላቸው እሳቸው ናቸው። ጋሼ በስምንተኛ ወራቸው አረፉ፣ ወንድማቸውም ተከተሉ፣ እንግዳውም በየፊናው ተበተነ። ባለቤታቸው እትዬ ከሞቱ ደግሞ አራት ዓመታቸው ነው። የቀረነው እኔና ካሴቱ ነን።

ዴኩ የለም። ዴኩን የኢንጂነሩ ሚስት ለልዋጭ ሰጥታዋለች፤ በምትኩ ሁለት የፕላስቲክ ሳፋ ወሰደች። የባሏን ሸሚዝ የማጥብበት ሳፋ አንዱ እሱ ነው፣ አይገርምም? ካሴቶቹንም ልትጥላቸው ስትል ከቆሻሻው ማዳበሪያ ውስጥ አንድ በአንድ ለቅሜ ያወጣኋቸው እኔ ነኝ። ክፍሌ ገባሁና ሻንጣዬን ከአልጋው ሥር ሳብኩ። ከአሥራ አንዱ መሀል የፈለግኩትን ለማግኘት አልተቸገርኩም፣ ጀርባው ላይ በእትዬ እጅ ጽሑፍ «የምረቃ ቀን፤ እንዳይቀዳበት» ይላል። አነባለሁ እኮ! ሚጣ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ሳለች፣ ማታ ማታ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ ፊደል ያስቆጠረችኝ ጊዜ አርባ ሁለት ዓመቴ ነበር። ከዚያ በፊት ዓይን እያለኝ ዕውር ነበርኩ። ቤቱ ውስጥ ሦስት ሰው የሚያነብ እያለ ማንም አስተምሬያት ልሙት አላለም፤ ትምህርት ቤት ማድረስና መመለስ እንጂ መግባት የእኔ ሥራ አልነበረም። ካሴቱን በፎጣ ጠቅልዬ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።

መጀመሪያ የሄድኩት ድሮ ቪዲዮ ቤት የነበረው ጋ ነው። ያኔ ከወለል እስከ ጣሪያ ካሴት የተደረደረበት ቤት፣ አሁን ግድግዳው ሙሉ የስልክ ሽፋን ተንጠልጥሎበታል። ረጅም ጥፍር ያላት ሻጭ ካሴቱን ተቀበለችኝና ገልበጥ ገልበጥ አደረገችው። «እማማ፣ ይኼ ምንድን ነው? የመድኃኒት ሣጥን ነው?» «ካሴት ነው፣ የቪዲዮ ካሴት።» «ወይኔ! ይኼን ያህል ትልቅ ነበር እንዴ?» ብላ በስልኳ ፎቶ አነሳችው። ዴክ ያለበት ታውቂ እንደሆን ብላት «አሮጌ ዕቃ ተራ ይሞክሩ፤ እዚያ የሌለ ነገር የለም» አለችኝ። ደግ ልጅ ናት፣ እስከ ታክሲው ሸኘችኝ።

አሮጌ ዕቃ ተራ እውነትም የሌለ ነገር የለም። ዴክ ብቻውን አንድ ጥግ እንደ ጡብ ተከምሯል፤ አሥራ አምስት ይሆናል። ዓይኔ ሳላዝዘው የእኛን ይፈልጋል፤ የእኛው ዴክ ሚጣ በሕፃንነቷ ብስኩት የከተተችበት፣ ክዳኑ ግራው በኩል የተቀነጠበ ነው። የለም። ባለቤቱ በካርቶን ላይ ተጋድሞ «አራት ሺህ» አለ። «ይሠራል?» «እናቴ፣ ይሠራል ብዬ አልምልም። አይሠራም ብዬም አልምልም።» «ታዲያ ሰክተን እንየዋ!» «መብራት የት አባቱ አለና።» አንዱን ከፈትኩት፤ ሆዱ ባዶ ነው፣ አንጀቱን አውጥተው የሸጡት ይመስላል፤ ውስጡ ምስማርና የተቆራረጠ ሽቦ አጠራቅመውበታል። ሳቄ መጣ፤ እየሳቅኩ ግን ሰዓቱን አየሁ። ስድስት ሰዓት ሊሆን ነው። ሰውየው ሳቄ ደስ አለው መሰለኝ፣ «ከመግዛትዎ በፊት እዚያ ማዶ ያለው ጠጋኝ ጋ ያሳዩት። የእሱ ይሠራል» ብሎ ጠቆመኝ።

ጠጋኙ ከበሩ የማይሰፋ ሱቅ ውስጥ፣ የተከፈቱ ቴሌቪዥኖች መሀል ተሰክቶ ተቀምጧል። ሠላሳ ዓመት ቢሆነው ነው። እኔ ስገባ እሱ መውጣት ነበረበት፣ ሁለታችንን አይችልም። ካሴቱን እንደ ሐኪም አገላብጦ አየው። «ማዘር፣ ይኼን ፕላስተር ማን ለጠፈበት?» አለኝ። የት ብዬ ጠጋ አልኩ። ከካሴቱ ጠርዝ፣ ትንሿ ጥርስ ተሰብራ የወጣችበት ቀዳዳ ላይ፣ ቁስል የሚታሸግበት ዓይነት ፕላስተር ተለጥፎ ጥቁር ብሏል። «ጥርሷን የሚሰብሩት ዴኩ እንዳይቀዳበት ነው» አለ። «ቀዳዳውን በሆነ ነገር የደፈኑት እንደሆነ ግን መልሶ ይቀዳል።» «እኔ እንጃ ልጄ» አልኩት። እትዬ በእጃቸው እንዳይቀዳበት ብለው የጻፉበትን ካሴት ማን ደፍሮ ይነካዋል? ክተተው በቃ፣ አልኩት።

ከተተው። ድምፅ ተንሿሿ፣ ከዚያ ምስል መጣ፤ ምስል ከተባለ። ጥቁርና ነጭ ሆኖ፣ እንደ ተቀደደ ጨርቅ ከታች ወደ ላይ ይሮጣል። አንድ ነጭ ነገር ሽው አለ፤ የጠረጴዛው ልብስ ይሆን? ድምፅ የለ፣ ሰው የለ። ጠጋኙ ቁልፉን እየነካካ ወደ ፊት አሮጠው። አንድ ቦታ ላይ፣ ለዓይን ጥቅሻ ያህል፣ ጥርት ያለች ሴት ከነቀይ ከንፈሯ ብልጭ ብላ ጠፋች። የጋሼ ወንድም ሚስት መሰለችኝ፤ እሷ ቀለም ትወድ ነበር። ከዚያ ዴኩ እንደሚያኝክ ሰው ግጭ ግጭ ማለት ሲጀምር ጠጋኙ ዘሎ አጠፋው። «ይብላኝ ለአንተ፣ በላው እንዴ?» ብዬ ጮህኩ። አልበላውም። በመርፌ በሚያህል መፍቻ፣ ክሩን ሳይቆርጥ፣ አንድ በአንድ ፈታልኝ።

«ካሴቱ ደህና ነው፤ ካሜራው ነው የውጭ» አለ። «የውጭው ካሜራ አሠራሩ ሌላ ነው፤ እዚህ አገር ያሉት ዴኮች አያነቡትም፣ እንዲህ ያንቀጠቅጡታል። ሁለቱንም የሚያነብ ዴክ ነው የሚያስፈልግሽ።» ወይኔ፣ የእኛው ዴክ እኮ ሁለቱንም ያነብ ነበር! ለሁለት ሳፋ የሄደው! ለድካሙ ስንት ልስጥህ ስለው እምቢ አለና ወረቀት ላይ ጻፈልኝ። ድሮ ሠርግ የሚያነሣ ካሜራማን አለ፣ ሁለቱንም የሚያነብ ዴክ በከተማው የቀረው ምናልባት እሱ ጋ ነው፣ ጡረታ ወጥቷል፣ ዓይኑን ታሟል፣ ሚስቱ ትቆጣለች አትፍሪያት አለኝ። አድራሻውን ራሴ አነበብኩት፤ ጮክ ብዬ።

አውቶቡሱ ውስጥ ቆሜ፣ ቦርሳዬን ደረቴ ላይ አቅፌ፣ ያን ካሴት ስናየው የኖርንበትን አስባለሁ። ጋሼ ካረፉ በኋላ እትዬ ብቻቸውን ቁጭ ብለው ያዩት ነበር፤ የማስገባው እኔ ነኝ። ከመጀመሪያው ያዩታል፣ እንግዳው ሲገባ ያዩታል፤ ጋሼ ብርጭቆ ይዘው ሊናገሩ ሲነሡ ግን እንባቸው ይመጣና «አጥፊው፣ አጥፊው» ይሉኛል። ሁልጊዜ እዚያች ቦታ ላይ። ካሴቱን እዚያው እንደቆመ አወጣዋለሁ። እኔ ደግሞ የሚቀጥለውን እንስማው ብዬ እንዴት ልበላቸው? ለራሴ የተነገረውን! ሆዴ እየፈለገ አጠፋለሁ።

የካሜራማኑ ቤት አራተኛ ፎቅ ነው፤ ደረጃው ላይ ሦስቴ አረፍኩ። ሚስቱ በሩን በሰንሰለቱ ልክ ከፈት አድርጋ «ሠርግ ከሆነ አይሠራም፤ ተናግሬያለሁ፣ አይሠራም!» አለች። ሠርግ እንዳልሆነ፣ የሞተ ሰው ድምፅ ልሰማ እንደመጣሁ ነገርኳት። ፊቴን ዓይታ ይሁን የደረጃው ትንፋሽ አሳዝኗት አላውቅም፣ ሰንሰለቱን አወረደችው። ሰውየው ሶፋው ላይ በሹራብ ተጀቡነው ተቀምጠዋል። ዓይናቸው ወተት የፈሰሰበት መስሏል። ከኋላቸው ግድግዳውን የሞላው የሠርግ ካሴት ነው፣ የወሰደው የሌለ። «ቀሪ ሂሳብ አለባቸው እንዴ?» አልኩ፣ ነገር ለማለት ያህል። «ኧረ ከፍለዋል» አሉ፤ «ግማሾቹ ግን ካሴቱ ሳይደርስ ተፋቱ፣ ማን መጥቶ ይውሰደው?» ብለው ከት ብለው ሳቁ። ሚስታቸው አልሳቀችም። አንድ ወንበር ባዶ አድርጋ አስቀመጠችኝ።

ካሴቱን በጣታቸው ዳበሱት፤ አሸተቱት። «ሻጋታ የለውም፣ ሻንጣ ውስጥ ነው የኖረው» አሉ። ጣታቸው ፕላስተሩ ላይ ደርሶ ቆም አለ። ዴኩን ከአልጋ ልብስ ሥር አስወጡት፣ በአልኮል የራሰ ጥጥ አስመጡና ውስጡን በጭፍን ወለወሉት፤ እጃቸው መንገዱን ያውቀዋል። «እኔ በጆሮዬ ነው የማየው» አሉኝ። «ስለዚህ አንቺ ንገሪኝ። ምን ይታያል?»

ቤታችን ታየ። ወይ ጉድ! በቀለም! የሳሎኑ አረንጓዴ መጋረጃ፣ እኔ ራሴ የሰፋሁት፤ ሰዓቱ፣ የጋሼ ወንበር። «መጋረጃ ይታየኛል» አልኳቸው። «እንግዳ ይገባል። እትዬ ሰው ይስማሉ። አቤት ሲያምሩ! ሚጣ ጠረጴዛ ሥር ገብታ ኬክ ትሰርቃለች። ኢንጂነሩ በጥቁር ካባ፣ አንገቱ እንዴት ቀጭን ነበር...» እንባዬ እየወረደ እስቃለሁ። የሰውየው ሚስት ሳላያት መጥታ አጠገቤ ቆማለች። ከዚያ ጋሼ ብርጭቆአቸውን ይዘው ተነሡ። ክርናቸው የወንበሩን መደገፊያ ሲነካው፣ ያ ልማዳቸው። «ተነሡ!» አልኩ። «ሊናገሩ ነው!»

«እንግዲህ፣ ወዳጆቼ» አሉ ጋሼ። ድምፃቸው! ሃያ ሦስት ዓመት ያልሰማሁት ድምፅ። «ልጄ ዛሬ ለዚህ በቅቷል። አስተማሪዎቹን አመሰግናለሁ። ግን ዛሬ የምመሰክርላት አንዲት...»

ምስሉ ዘለለ። ጥርት አለ። ቀይ ከንፈር ያላት ሴት ሶፋ ላይ ቁጭ ብላ ታለቅሳለች፤ አንድ ባለ ከረባት ሰው በሩን ዘግቶባት ይወጣል።

«ምን ይታያል?» አሉ ሰውየው።

ዓይኔ ከሴትየዋ አልተነቀለም። እሳቸው ጆሮአቸውን ዘንበል አደረጉ። «ይኼማ ድራማ ነው» አሉ ቀስ ብለው። «ማታ ማታ ይታይ የነበረው። ባለቤቴም ታየው ነበር። ተቀድቶበታል፣ እህቴ። ፕላስተሩን ስነካው ጠርጥሬ ነበር፣ አፌ አልደፈረልኝም።»

ክው አልኩ። ሴትየዋን አወቅኳት። አገሩ ሁሉ ያውቃታል፤ በየማታው ሰባቱን ቀን ትካዳለች። እትዬ ሊያመልጣቸው አይፈልጉም ነበር። ጋሼ በሞቱ በዓመቱ ሆዳቸውን ተቀድደው ሆስፒታል ሲተኙ «ሌላ ምንም አልፈልግ፣ ድራማዬን ብቻ በየማታው ቅጂልኝ» ያሉት እኔን ነው። ኢንጂነሩ ደግሞ፣ ቤት በሌለበት ኳስ እንድቀዳለት ያን ሰሞን አስተምሮኛል፦ «ቀዩን ትጫኛለሽ እታለም። እምቢ ካለሽ እዚህች ቀዳዳ ላይ የሆነ ነገር ለጥፊባት፣ ይቀበላል።» ቀዩን ተጫንኩ፤ እምቢ አለኝ። ቤት ውስጥ የነበረው የእትዬ የቁስላቸው ፕላስተር ነው፤ በመቀስ ቆርጬ ለጠፍኩ፤ ተቀበለኝ። በአሥራ ሁለተኛው ማታ የምቀዳበት ካሴት መሀል ላይ አልቆብኝ፣ ለቀረችው ጥቂት ደቂቃ ያነሳሁት ዴኩ ራስ ላይ የነበረውን ነው። ጀርባው ላይ ጽሑፍ ነበረበት። ሁሉም ላይ ጽሑፍ ነበረበት፤ ለእኔ ሁሉም አንድ ነበር፣ ጉንዳን የሄደበት ወረቀት። አሥራ ሁለት ማታ፣ አንድ ሳላሳልፍ ቀዳሁላቸው። ከሆስፒታል ሲመለሱ አልጋቸው ላይ ሆነው አዩና «ልጄ፣ አንቺ ባትኖሪ ምን ይውጠኝ ነበር» አሉኝ። ከዚያ ወዲያም የምረቃውን ሲያዩ፣ ጋሼ ሲነሡ «አጥፊው» ስለሚሉ ከዚያ ወዲያ ያለውን ማንም አላየውም። ያን «ልጄ» ያሉኝን ቃል ስንት ዓመት እንደ ሽልማት ይዤው ኖሬያለሁ።

«እስከ መጨረሻው ላሩጠው?» አሉ ሰውየው። «አንዳንዴ ጫፉ ላይ ይተርፋል።» አሮጡት። ሴትየዋ በጥድፊያ አለቀሰች፣ ታረቀች፣ አለቀሰች። ከዚያ ጠፋችና የእኛ ሳሎን ተመልሶ መጣ።

ጭብጨባ ነው። ቤቱ ሙሉ ያጨበጭባል። ጋሼ ተናግረው ጨርሰው ሊቀመጡ ነው፤ ብርጭቆአቸው ባዶ ነው። ሰው ሁሉ ወደ በሩ ዞሯል፣ ካሜራውም ዞረ፣ እኔ አለሁ። እኔን አየሁ! ሠላሳ አራት ዓመቴ፣ ሽርጥ ለብሼ፣ ትሪውን የት እንደማደርገው ጠፍቶኝ፣ አፌ ተከፍቶ አለቅሳለሁ። ኢንጂነሩ ካባውን እየጎተተ መጣ፣ ትሪውን ከእጄ ወሰደ፣ ግንባሬን ሳመኝ። ከዚያ ካሴቱ አለቀ።

«ምን ይታያል?» አሉ ካሜራማኑ።

«ያጨበጭቡልኛል» አልኳቸው።

የድካማቸውን ብጠይቅ ሚስታቸው እጇን አወናጨፈችብኝ፤ ቁጡ ነች የተባለችው። ደረጃው ድረስ ወጥታ «ዝናብ ነው፣ ይኼን አድርጊው» ብላ የላስቲክ ከረጢት ለካሴቱ ሰጠችኝ። አውቶቡስ ውስጥ አንድ ሰው ተነስቶ አስቀመጠኝ፤ ሳለቅስ አይቶ ይሆናል። መንገዱን ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ነው ያሰብኩት፦ ልዋሽ? ሁሉም አለ፣ ሰምቼ መጣሁ፣ ነገ ዴኩን አምጥቼ አሰማሃለሁ ብለውስ? ለአንድ ቀን ፊርማው ይቆይ ነበር። ግን ያ ልጅ ውሸት የተማረው ከእኔ አይደለም፤ እኔ እያለሁ እንዳይዋሽ ስገርፈው ነው ያደገው። አሁን በዚህ ዕድሜዬ እሱ ፊት ቆሜ ልቀባጥር? አልሆነልኝም።

ስገባ መብራቱ በርቷል። ሦስቱም ጠዋት ከነበሩበት አልተነሡም ማለት ይቻላል፤ ጠረጴዛው ላይ ወረቀት ተደርድሯል። ሚጣ ሻይ ይዛለች። ኢንጂነሩ አየኝና አልተነሣም። ከንፈሩ ደርቋል። «አገኘሽ?» አለ።

«አገኘሁ። አየሁት።»

«እና?»

«ጋሼ ተነሡ። አንዲት የምመሰክርላት አሉ። እዚያ ላይ ሌላ ተቀድቶበታል። ድራማ።»

«ማነው የቀዳበት?»

«እኔ» አልኩት። «እናትህ ሆስፒታል ሳሉ። ማንበብ አልችልም ነበር።»

ተነፈሰ። ከሆዱ፣ ረጅም፣ ትከሻው እስኪወርድ። ይኼን ትንፋሽ እኔ አውቀዋለሁ። የስድስት ዓመት ልጅ ሳለ የአባቱን ሰዓት ሰብሮ ከእኔ ቀሚስ ኋላ ተደብቆ፣ ጋሼ ሳያዩን ባጠገባችን ሲያልፉ እንዲህ ነው የተነፈሰው። ያልሰበረ ልጅ አይተነፍስም። ቀኑን ሙሉ ለዚህ ልጅ፣ ረስቶ ይሆናል፣ ወጣት ነበር፣ ደስታ ላይ ነበር እያልኩ ስከራከርለት ነው የዋልኩት፤ ለራሴ፣ አውቶቡስ ውስጥ ሳይቀር።

«አይዞሽ እታለም» አለ፤ ድምፁ ለስልሷል። «ዕቃሽን የሚጭን መኪና እኔ ነኝ የማዝዝልሽ። የሆነ ነገርም እናደርግልሻለን።» ሚስቱ «አዎ፣ ኧረ እንዴታ» አለች። የሚጣ ማንኪያ ብርጭቆው ውስጥ ይዞራል።

«መጨረሻው ላይ ግን ትንሽ ተርፏል» አልኩት። «አንተ አለህበት። ካባህን እንደለበስክ መጥተህ ግንባሬን ትስመኛለህ።»

ለምን ብሎ አልጠየቀኝም። ወረቀቶቹን ሰበሰበና በጠረጴዛው ላይ ጫፍ ለጫፍ አስተካከላቸው። ጓሮ ወጣሁ። ሸሚዙ ሳፋው ውስጥ እንደነበረ ነው፤ አረፋው ጠፍቶ ውኃው ቀዝቅዟል። ለነገ ከአሁን ካልተሰጣ አይደርቅለትም። እጄን አልነከርኩም። ክፍሌ ገብቼ ሻንጣዬን ከአልጋው ሥር ሳብኩና አሥር ካሴቶቹን አንድ በአንድ አውጥቼ ደጃፉ ላይ ደረደርኳቸው፤ እነሱ የቤቱ ናቸው። አሥራ አንደኛውን ልብሴ መሀል ከተትኩት።